አሲዱ ምን በደለ?

ሥራዬ ሒሳብ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ደረሰኝ ያልተያያዘበት ወጪ አምስት ብርም ቢሆን አላሳልፍም፤ ባልደረቦቼ ከኋላዬ በምን ስም እንደሚጠሩኝም አውቃለሁ። ታሪኬ እዚህ ላይ ቢያበቃ ተከብሬ እኖር ነበር። ማታ ቤት ገብቼ፣ ኮቴን ሰቅዬ፣ ጓዳ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ፊት ስቀመጥ ግን ያ ሰው ደብዛው ይጠፋል። በምትኩ ሰዓት የማያይ፣ ሚዛን የማያውቅ፣ ኬሚካል በጣቱ የሚቆነጥር፣ የሠራውን የማይመዘግብ፣ ሲበላሽበት ደግሞ ጥፋተኛ ፍለጋ ቤቱን የሚያምስ ሌላ ሰው ይተካል። ይህ ሁለተኛው ሰው ሰርኪዩት ቦርድ ይሠራል። ይሠራል ማለት እንኳ ድፍረት ነው፤ መዳብ ያባክናል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ሥራው እንዲህ ነው። ቦርድ የምንለው ሬዲዮም ሆነ ቻርጀር ሲከፈት እቃዎቹ ተበይደውበት የሚታየው ሰሌዳ ነው። ገና ከሱቅ ሲገዛ ምንም መስመር የለበትም፤ ፋይበር ግላስ ላይ መዳብ ተለብጦበታል፣ የመዳቡ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 35 ማይክሮን ነው። ጥበቡ የሚፈለገውን መስመር አስቀርቶ የቀረውን መዳብ በአሲድ ማስበላት ነው። መስመሩን ከአሲድ የሚከልለው ድራይ ፊልም የሚባል ስስ ሰማያዊ ፊልም ነው። ፊልሙ መዳቡ ላይ ይለጠፋል። መስመሮቹ ብርሃን እንዲያሳልፉ፣ ሌላው ሁሉ ጥቁር እንዲሆን ተደርጎ የታተመ ትራንስፓረንት ፕላስቲክ ከላዩ ይደረጋል። ከዚያ አልትራቫዮሌት መብራት ይበራበታል። ብርሃን ያገኘው ይጠነክራል፤ ያላገኘው በሶዳ ውኃ ይታጠባል፤ ከዚያ አሲድ ውስጥ ይገባል። ሲወራ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ እኔም ሲወራ ነው የወደድኩት።

አሲድ የምለው ፌሪክ ክሎራይድን ነው። ኬሚስቶች ጨው ነው ይሉታል። ሱሪዬን ስላላዩት ነው።

ከኃጢአቴ ሁሉ ትልቁን አስቀድሜ ልናገር፦ ለዓመታት የተበላሸብኝን ቦርድ ሁሉ በዚህ አሲድ ላይ ሳላክክ ኖሬያለሁ። ሁለት መስመር ተገናኝቶ ከቀረ "አሲዱ ደክሟል" እላለሁ። መስመር ተበልቶ ከጠፋ "አሲዱ በረታ" እላለሁ። መሐል ላይ የመዳብ ነጠብጣብ ካልለቀቀ "ነጋዴው ውኃ ጨምሮበታል" ብዬ ለባለቤቴ እከስሳለሁ። ነጋዴው የሸጠልኝ ደረቁን ነበር። ውኃ የጨመርኩበት እኔ ነኝ።

ከክሱ ቀጥሎ ፍርዱ ይመጣል፦ አሲዱን እደፋና ሌላ እገዛለሁ። አንድ ቀን ምን ነካኝ፣ የቢሮውን ሰው ከቤቱ ሰው ጋር አስታርቄ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ርዝመቱም ወርዱም 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦርድ ላይ ያለው መዳብ በሙሉ ቢሟሟ ክብደቱ 3 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያም ላይ የሚቀሩት መስመሮች ይቀነሳሉ። ወፈር ተደርጎ የተበጠበጠ አንድ ሊትር ፌሪክ ክሎራይድ ግን የሚደክመው ከ40 ግራም በላይ መዳብ ከዋጠ በኋላ ነው። እኔ "ደክሟል" ብዬ የደፋሁት ገና ቁርሱን በወጉ ያልጨረሰ ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ንብረት እንዲህ የሚያባክን ሰው ቢገኝ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ የማረቅቀው እኔ ነኝ፤ ጥሩ አድርጌም አረቅቀዋለሁ።

እርግጥ አሲዱ ቀርፋፋ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብርድ አይወድም። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ጓዳ ውስጥ የከረመ ፌሪክ ክሎራይድ ሥራ ለመጀመር ይለግማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሳህኑን ሙቅ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ 40 ዲግሪ ገደማ ማድረስ፣ ሳህኑን ሳያርፉ ማወዛወዝ፣ ዓይንን ከቦርዱ አለመንቀል። ይህን አነበብኩ፣ ገባኝ፣ አላደረግሁትም። ምክንያቱም ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ቡና ይፈላል። ስለዚህ ቦርዱን አቦል ሲቀዳ እከተዋለሁ፣ በረካ ሲጠጣ አወጣዋለሁ። ሰዓት ከመያዝ የተሻለ ዘዴ መስሎኝ ነበር። ዘዴው ላይ የዘነጋሁት ባለቤቴ ቡና የምታፈላው ለቡናው ብላ አለመሆኑን ነው። ጎረቤት ከመጣ በአቦልና በቶና መካከል ሰው ይታጫል፣ ይዳራል፣ ይፋታል፣ ሽማግሌም ይላክበታል። አሲዱ ግን ወሬ አይሰማም።

በረካ ላይ የማወጣው ቦርድ ሲያዩት ደኅና ነው። ሰማያዊው ፊልም እንደ ተሳለው በቦታው አለ። ጠጋ ብዬ በጥፍሬ ጫፍ ስነካው ፊልሙ ይታጠፋል፤ ከሥሩ መዳብ የለም። አሲድ ቁልቁል ብቻ አይበላም፤ 35 ማይክሮኑን ወደ ታች እስኪጨርስ በፊልሙ ሥር ወደ ጎንም ለዚያ የቀረበ ገብቷል። ከዚያ በኋላ በተቀመጠ ቁጥር ወደ ታች የሚበላው ስለሌለ ሙሉ ጊዜውን ለጎኑ ይሰጣል። ወርዱ 0.3 ሚሊ ሜትር የነበረ መስመር ከሁለት ወገን ሲፋቅ ይኮሰምንና መጨረሻ ላይ ሰማያዊ ጥላው ብቻ ይቀራል። ቴስተሩን ሁለት ጫፍ ላይ አስነክቼ "ጢጥ" እስኪል እጠብቃለሁ። ዝም።

ለፍትሕ ስል ግን ልናገር፣ ቡናው ብቻ አልነበረም ያስረዘመብኝ። ቡና በሌለባቸው ቀናትም አስረዝም ነበር፤ የቦርዱ ዳር ዳር አልቆ ፋይበር ግላሱ ወለል ብሎ ሲታይ መሐሉ ላይ በመስመሮች መካከል የመዳብ ቁራጭ አልነቀል ይላል። እሱን እጠብቃለሁ። እሱን ስጠብቅ ዳሩ ይበላል። "አሲዱ ደክሟል" የሚለው ክስ የተጻፈው በዚህ ቁራጭ ምክንያት ነው። ቁራጩ የቀረው ግን አሲዱ ደክሞ ሳይሆን በዓይን የማይታይ የፊልም ቅሪት ላዩ ላይ ስለነበረ ነው። ቅሪቱን ያጠነከረው ብርሃን ነው። ብርሃኑን ያበራሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የሚሠራው መብራቱ ሥር ነው፤ የሚታየው ግን ግማሽ ሰዓት ቆይቶ አሲድ ውስጥ ነው፤ እኔ ደግሞ ሬሳው የተገኘበትን ቤት ባለቤት የማስር ዓይነት መርማሪ ነኝ።

መብራት ሳይኖረኝ በፊት ብርሃኑን ከፀሐይ በነፃ እወስድ ነበር። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ አልትራቫዮሌት አይቸግራትም። ቦርዱን፣ ፕላስቲኩንና መስታወቱን ደራርቤ ጣሪያ ላይ እወጣና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እቆጥራለሁ። ደመና ይመጣል። ደመናው የወሰደብኝን በዓይን ግምት እጨምራለሁ። የሰው ዓይን አልትራቫዮሌትን እንደማያይ አውቃለሁ፤ በማላየው ነገር ላይ በዓይኔ ግምት መስጠቴ ግን አንድም ቀን አላሳፈረኝም። ጎረቤቶች ለጸሎት የምወጣ ይመስላቸው ነበር። የእውነትም ከጸሎት ሌላ የምተማመንበት አልነበረም።

ከዚያ የእህቴ ልጅ ደረሰችልኝ። የጥፍር ሥራ ነው የምትሠራው። ጄል የሚሉትን የጥፍር ቀለም የሚያደርቅ ባለ 36 ዋት መብራት፣ ባለ 9 ዋት አራት ቱቦ ያለው፣ አሮጌውን ሰጠችኝ። ጥፍር ማድረቂያና ቦርድ መሥሪያ ምን አገናኛቸው ለምትሉ፣ የሚፈልጉት ብርሃን አንድ ነው፦ 365 ናኖ ሜትር አካባቢ፤ ፊልሙም ከ350 እስከ 400 ባለው መካከል ነው የሚነቃው። ቁልፉ ሲጫን 120 ሰኮንድ በርቶ ራሱ ይጠፋል። ሐሳብ የማይጠይቅ መሣሪያ ነው፣ ለእኔ የተሠራ።

በመጀመሪያ መብራቱ ራሱ እስኪጠፋ ሳልታገሥ አወጣሁትና መስመሮቹ ሶዳ ውኃ ውስጥ እየተላጡ ሄዱ። ብርሃን አንሷቸዋል ማለት ነው። እኔ ግን ቁልፉን ደግሜ ከመጫን በቀር ሌላ ነገር አልመረመርኩም። አንድ ጊዜ ያልጠነከረ ሁለቴ ቢበራበት፣ ለማንኛውም ደግሞ ሦስተኛ። ጎልማሳ ሰው እንዲህ ሲያስብ ያሳፍራል። ከዚያ በኋላ መላጡ ቀረና በቦታው ያ የማይነቀል ቁራጭ መጣ፤ ምክንያቱም የታተመው ጥቁር ሙሉ ጥቁር አይደለም፤ ብርሃን ከበዛበት በጥቁሩም ውስጥ ሾልኮ መታጠብ የነበረበትን ፊልም ያጠነክረዋል። ሲላጥ አሲዱ በረታ፣ ሲቀር አሲዱ ደከመ። ክሱ ምንጊዜም ዝግጁ ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጅቱ ልትጠይቀን መጥታ መብራቱን አየችው።

"አጎቴ፣ በዚህ ነው እንዴ የሚሠሩት? ይህ እኮ ያረጀብኝ ነው።"

"ይበራል እኮ" አልኳት።

"ይበራል። አያደርቅም።" ቱቦው ሲያረጅ ሰማያዊው እንደሚታይ፣ የሚሠራው የማይታየው ብርሃን ግን እየሳሳ እንደሚሄድ ነገረችኝ። ጥቁር ቀለም ከነጩ የበለጠ ጊዜ እንደሚፈልግ፣ ወፍሮ የተቀባ ጄል ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ሊሆን እንደሚችል፣ በጎበጠ አውራ ጣት ላይ ብርሃኑ እኩል እንደማይደርስ ጨመረችልኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ "እርስዎ ስንት ሰኮንድ ነው የሚያበሩበት?"

"እንደ ሁኔታው።"

ይህን መልስ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ገንዘብ ያዥ ቢሰጠኝ ካዝናውን በዚያው ሰዓት አሽግ ነበር። ልጅቱ ግን አሳዳጊዎቿ አሳድገዋታልና ዝም ብላ ቡናዋን ጠጣች። ስለ ብርሃንና ስለ ፊልም የተጻፈ ነገር ሳነብ ስንት ሌሊት ያነጋሁ ሰው፣ ለካ እውቀቱ ሁሉ በየሳምንቱ ቤቴ እየመጣ ዳቦ ይበላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው መሠረት ያለውን ነገር ያደረግሁት። አንድ ቁራጭ ቦርድ ላይ ፊልም ለጥፌ፣ 0.2፣ 0.3 እና 0.4 ሚሊ ሜትር የሆኑ መስመሮችን ከነክፍተታቸው ያሳተምኩበትን ፕላስቲክ አደረግሁበትና በካርቶን እየሸፈንኩ በደረጃ አበራሁበት። መጀመሪያ ስሞክር 60፣ 70፣ 80 እያልኩ አሥር አሥር ስለጨመርኩ በደረጃዎቹ መካከል ልዩነት አልታይ አለኝ። ብርሃን በመደመር አይገባም፤ በማባዛት ነው። የሕትመት ሰዎች የሚጠቀሙበት ባለ 21 እርከን የስቶፈር መለኪያ እንኳ በየእርከኑ ብርሃኑን በ1.4 ገደማ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ 20፣ 28፣ 40፣ 56፣ 80፣ 113 ሰኮንድ አደረግሁት፦ ሁሉም 20 ያገኛል፣ የመጀመሪያው ይሸፈናል፣ 8 ይጨመራል፣ ሁለተኛው ይሸፈናል፣ 12 ይጨመራል፣ እያለ ይሄዳል። ሒሳብ ሲሆንማ ደስ አለኝ፤ ሰንጠረዥ አሰመርኩለት።

ውጤቱ ቁልጭ ያለ ነበር። 20 ላይ ምንም የለም፣ ፊልሙ በሙሉ ታጥቦ ሄዷል። 40 ላይ ሰፋፊዎቹ ቆመው ቀጫጭኖቹ ጠመዝማዛ ሆነዋል። 80 ላይ የ0.2ቷ መስመር ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ክፍተቷም ንጹሕ መዳብ ነው። 113 ላይ መስመሮቹ ወፍረው ክፍተቱ መደፈን ጀምሯል። ለዚያ አሮጌ መብራት 80 ሰኮንድ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ወይ 120 ወይ 240 ወይም "እንደ ሁኔታው" ነበርኩ።

የማይታየውን ቅሪት የሚያጋልጥ ዘዴም አለ፣ እዚህ ላይ ያስቀኝ ደግሞ ዘዴው ራሱ አሲዱ መሆኑ ነው። ታጥቦ ያለቀውን ቦርድ አሲዱ ውስጥ ለጥቂት ሰኮንድ ነክሮ ወዲያው በውኃ ማለቅለቅ። ንጹሕ መዳብ ወዲያው አንጸባራቂነቱን ያጣና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይሆናል። ቅሪት ያለበት ቦታ እንደ በፊቱ ያብለጨልጫል። የሚያብለጨልጭ ካለ ወደ ሶዳው ይመለሳል፤ ሶዳውም ካላነሳው ፊልሙን ገፍፎ እንደገና መጀመር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ወንጀለኛ ያልኩት ዋናው ምስክር ነበር ማለት ነው። ቃሉን ሊሰጥ ፈቃደኛ ነበር፤ የጠየቀው የለም።

የቀሩት ኃጢአቶቼ አነስ ያሉ ናቸው፣ ቁጥራቸው ግን አያንስም። ድራይ ፊልም በሁለት ስስ ፕላስቲክ መካከል ነው የሚመጣው፤ የታችኛው ሲለጠፍ ይላጣል፣ የላይኛው ደግሞ ብርሃኑ ካለቀ በኋላ፣ ሶዳው ውስጥ ሊገባ ሲል። በመሐሉ ሩብ ሰዓት ያህል መታገሥ ይመከራል። የላይኛው ፕላስቲክ አየር ስለሚከለክል ነው እስከዚያ የሚቆየው፤ ኦክስጅን ማጠንከሩን ያደናቅፋል። እኔ ከእነዚህ ሁለት አንዱን አደርጋለሁ፦ ወይ ትዕግሥት አጥቼ ብርሃኑ ገና ሳይጠፋ ጠርዙን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፣ ወይም የላይኛውን ፕላስቲክ ጭራሽ ረስቼው ሶዳው ውስጥ እከታለሁ። ፕላስቲክ የለበሰ ፊልም በሶዳ አይታጠብም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በብሩሽ ሳሻሸው ቆይቼ ሶዳው አስመሳይ ነው ብዬ ፈርጄበታለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ አፍስሼም አልለቀምኩም፣ ሌላ ገዛሁ።

ሶዳ ካልን አይቀር። ለዚህ ፊልም የሚያስፈልገው ሶዲየም ካርቦኔት ነው፣ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ 10 ግራም ገደማ። ፊልሙ ፋብሪካ ላይ ተቀብቶበት የሚሸጠው ሌላው ዓይነት ቦርድ ግን ብርሃን ሲያገኝ የሚሟሟ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በቀጭኑ በተበጠበጠ ኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል። የሁለቱን መመሪያ ደባልቄ አነበብኩና ሶዳ ሶዳ ነው ብዬ በኮስቲኩ አጠብኩት፣ መጠኑንም በማንኪያ። ብርሃን ያጠነከረውም ያላጠነከረውም ፊልም አንድ ላይ ተገሽልጦ ሳህኑ ውስጥ ተንሳፈፈ። ኮስቲክ ሶዳ ለዚህ ፊልም መግፈፊያው ነው፤ ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚጠራ ነው። በዚያ ቀን አሲዱ ገና አልተከፈተም ነበር። ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው ስትለኝ "አሲዱ" ብዬ መልሻለሁ፣ ከልምድ።

ፎቶ ኮፒ ቤቱን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ለዚህ ፊልም የሚታተመው ሥዕል ከሞላ ጎደል ጥቁር ነው፤ የሌዘር ማተሚያ ደግሞ ሰፊ ጥቁር ሲያትም መሐሉን ያሳሳዋል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያበጅበታል። ወደ መስኮት ይዞ ማየት ይበቃል፤ ክዋክብት ይታያል። በየኮከቡ ቦርዱ ላይ አንድ የመዳብ ጠቃጠቆ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት አትሞ መደረብ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ "ጋሼ፣ ቀለሜን ጨረሱት እኮ" ብላ እጥፍ ስትጠይቀኝ ስለ ዋጋ ስከራከር ስለ መጠኑ መናገር ረሳሁ፣ ማሽኑም ከገጹ ጋር እንዲገጥም ብሎ 97 በመቶ አድርጎ አሳነሰው። 3 በመቶ ምን አላት ትላላችሁ። 40 እግር ያለው፣ ቦርዱ ላይ የሚሰካው አይሲ በአንድ ወገን ከመጀመሪያው እግር እስከ መጨረሻው 48 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 3 በመቶው 1.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ በሁለት እግር መካከል ካለው ርቀት ከግማሽ በላይ። አይሲው አልገባም። እኔም አላመንኩም፤ በጉልበት ሞከርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቀለሙ የታተመበት ገጽ ወደ ፊልሙ መዞር እንዳለበት፣ ወደ ላይ ከዞረ ብርሃኑ በፕላስቲኩ ውፍረት ውስጥ ተንሸራቶ መስመሩን እንደሚያደበዝዘውም የተማርኩት እንዲሁ በወጪ ነው።

ባለቤቴ ስለ አሲዱ ነጠብጣብ ስትነጫነጭ የማቀርብላት አንድ ታላቅ ሰው ነበረኝ። ፓውል አይስለር፣ የቪየና ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ወደ እንግሊዝ ተሰዶ ለንደን ሃምፕስቴድ ውስጥ በኪራይ ክፍል እየኖረ የታተመ ሰርኪዩት ያለው ሬዲዮ የሠራ። "ዓለምን የለወጠው ነገር እኮ እንዲህ ካለ ክፍል ነው የወጣው" እላታለሁ። አንድ ቀን በጥሞና አዳመጠችኝና "ያከራዩት ሴትዮ ምን አሉ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀሪውን ሕይወቱን ሁሉ አንብቤ ነበር፣ የፓተንት ክርክሩን ሳይቀር፤ ስለ አከራይዋ ሳስብ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ጥያቄዋ የመጣው ከሲንኩ ነው። የደፋሁት አሲድ ሁሉ የት ይሄድ እንደነበር እስካሁን አልተናገርኩም። በእቃ ማጠቢያው ሲንክ ነው የሄደው። ፌሪክ ክሎራይድ የማይዝገውን ብረት እንኳ እየቦረቦረ ይበሳል፣ ቢጫ ዕድፉም በቀላሉ አይለቅም። ውኃው ከሥር መንጠባጠብ ሲጀምር ቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። ሰውየው በጀርባው ተኝቶ ከሥር እያየ "ምን አፍስሳችሁበት ነው ጋሼ?" አለኝ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች። "ውኃው ጨው ይበዛዋል መሰለኝ" አልኩት። ኬሚስቶቹ ጨው ነው ይላሉ ብያችኋለሁ፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም።

እሱ ብቻ ቢሆን እስቅበት ነበር። ሰውየው ከሲንኩ ሥር ሲወጣ በእጁ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዟል፣ ግማሽ ድረስ ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ ያለበት። ሙቀቱ ከብዶታል፣ ክዳኑን መፍታት ጀምሯል። "ኮካ ናት?" አለኝ እየሳቀ። እንዴት አድርጌ ከእጁ እንደነጠቅኩት አላውቅም፤ የነጠቅኩበት ሸሚዝ ግን እስካሁን አለ፣ ደረቱ ላይ ቢጫ ነው። በአንዲት እስክርቢቶ ግዢ ላይ ሦስት ፊርማ የሚጠይቅ ሰው መርዝ በውኃ ጠርሙስ፣ ያለ ምንም ጽሑፍ፣ ልጆች ከሚደርሱበት ሲንክ ሥር አስቀምጦ ነበር። ሰውየው ጥቂት ዝም ብሎ "ጨው ነው አላሉኝም?" አለኝ። ሒሳቡን ሳልከራከር ከፈልኩት።

አሁን አሲዱ ያለው አፈ ሰፊ የፕላስቲክ ጣሳ ውስጥ ነው፣ በቀይ ተጽፎበት፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን። የደከመው፣ ማለትም እውነት የደከመው፣ ወደ ሲንክ አይሄድም፤ የሟሟው መዳብ ለአፈርም ለወንዝም ጠንቅ ነው። ባልዲ ውስጥ ሶዲየም ካርቦኔት በጥቂት በጥቂቱ እጨምርበታለሁ፤ ኃይለኛ አረፋ ስለሚያወጣ ቸኩሎ መጨመር አያዋጣም፣ ይህንንም እንዴት እንዳወቅሁት ወለሉ ይናገራል። ብረቱና መዳቡ ጭቃ ሆነው ይዘቅጣሉ። ጭቃውን አድርቄ አሽጌ አስቀምጣለሁ። በየዓመቱ የሚከማቸውን እንደ ቋሚ ንብረት መዝግቤዋለሁ፤ ማስወገጃ ቃለ ጉባኤው ገና አልተፈረመም።

መዝገብም ይዣለሁ፣ እመኑኝ። ጓዳው ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ ተለጥፏል፦ መብራት 80 ሰኮንድ፣ ሶዳ በሊትር 10 ግራም፣ አሲድ 40 ዲግሪ፣ ቡና ክልክል። ለፍሪጁ የቮልቴጅ መጠበቂያ ሠርቼበታለሁ፣ ይሠራል። ለእህቴም ለጎረቤትም ደገምኩት፣ እነዚያም ይሠራሉ። ዝናዬ በሰፈሩ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ባለፈው ወር የሠራሁት ቦርድ መስመሮቹ ወፍረው፣ ክፍተቱ ተደፍኖ፣ አሲድ ውስጥ ተጎልቶ አልነቀል አለ። ሰንጠረዡን አየሁ፤ ሁሉም ልክ ነው። 80 ሰኮንድ በሰዓት ይዣለሁ። በጥቂት ሰኮንድ የሚያጋልጠው ምርመራ እዚያው ግድግዳው ላይ በእጄ ተጽፎ እያለ እሱን አልሞከርኩም። ኮቴን ለብሼ ወጣሁና አሲድ ገዛሁ።

ስመለስ የእህቴ ልጅ ከባለቤቴ ጋር ቡና ላይ ናት።

"አጎቴ፣ ባለፈው ስመጣ አራቱንም ቱቦ በአዲስ ቀይሬልዎት ነበር፤ አላዩትም?"

"አይቻለሁ እንጂ" አልኳት፣ የአሲዱን ደረሰኝ ወደ ኪሴ እየከተትኩ።